የሁለቱ የውኃ መጫወቻዎች ዳኛ

አንድ ጊዜ፣ የበጋው ሐሩር አላስቀምጥ ብሎ እንስሳት ሁሉ ልጆቻቸውን እያስከተሉ ወንዝ ዳር በሚውሉበት ወራት፣ ቡሊት የምትባል አህያ ማንም የማይመኘው ሹመት ተሰጣት። ዳኛ ሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት የውኃ መጫወቻዎች ነበሩ። ወዲህኛው የእትዬ ጉማሬ፣ ወዲያኛው ደግሞ የአያ ጅቦ ነው። ሸርተቴ ሁለቱም ዘንድ አለ። የሚዋኙበት ኩሬም ሁለቱም ዘንድ አለ። ስለዚህ ፉክክሩ ወደ ጌጥ ዞረ። እትዬ ጉማሬ ግቢዋን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ልታስመስል ተነሣች። አያ ጅቦ በቀበሮ ምክር ግቢውን «የዘንዶ አገር» ብሎ ሰየመና በወንዙ አፋፍ ላይ ግዙፍ የጭቃ ዘንዶ አቆመ።

ንጉሡ አንበሳ የሁለቱ ጭቅጭቅ ሲሰለቸው አዋጅ አስነገረ፦ «የዘንድሮው የግልገሎች በዓል የሚከበረው በአሠራሩም በአትክልቱም በበለጠው ግቢ ነው!»

አዋጁስ ጥሩ፤ ግን ማን ይዳኝ? ዝንጀሮ ጥርሴን አመመኝ አለ። ድኩላ እግሬ ወለም ብሎኛል አለች። ቡሊት ግን የሁለቱንም ግቢ ድንጋይና አፈር በጀርባዋ ያመላለሰች ናትና ማመካኛ አጣች።

«ከአንቺ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም» አላት አንበሳ። «ዛሬ ዞረሽ ታያለሽ፣ ነገ ትፈርጃለሽ። በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ጅብ አሸነፈ ብትል ጉማሬ ትቀየማታለች። ጅብ ተሸነፈ ብትል ደግሞ... ይህኛውን እስከ መጨረሻው ልታስበው አልደፈረችም።

መጀመሪያ እትዬ ጉማሬ ዘንድ ሄደች። ከበሩ ጀምሮ ደንገልና ሸምበቆ ግራና ቀኝ ቆሟል። ኩሬው ትልቅ ሾላ ሥር ነው፤ ሸርተቴው ከሾላው ሥሮች መካከል በርጥብ ሸክላ ተለስኖ ይወርዳል። ውኃው በእንቁራሪት ቅርጽ ከተሠሩ ቅሎች አፍ ይንፎለፎላል። ሁሉም ነገር እዚያው የበቀለ ይመስላል እንጂ ማንም ያስቀመጠው አይመስልም። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ከእንቁራሪቶቹ አንዷ አንገቷ ተጣሞ ውኃውን የምትተፋው መንገዱ ላይ ነው፤ መንገዱም ረግረግ ሆኗል።

«በይ ቡሊቴ፣ ምን ጎድሎታል?» አለች ጉማሬ ከኩሬው ብቅ ብላ። «እኔ እንደሆነ አልቆጣም።»

«መንገዱ... መንገዱ ያዳልጣል እትዬ። ሕፃን ቢሮጥበት ይወድቃል።»

ጉማሬ ወደ መንገዱ አየች፤ ከዚያ ሳቀች። «እውነትሽን ነው! ሁልጊዜ በውኃ ውስጥ ስለምመላለስ ልብ አላልኩትም።» ወዲያውም ከወንዙ ጠጠር እያጋዘች ታለብሰው ጀመር።

ቡሊት በእንጨቱ ድልድይ ተሻገረች። ድልድዩ እንዲረዝምላት ተመኘች።

የዘንዶ አገር ከሩቅ ያስደነግጣል። ዘንዶው የአንድ ዛፍ ያህል ቁመት አለው። ቅርፊቱ ነጭና ቀይ ጠጠር ነው፤ ዓይኖቹ የሰጎን እንቁላል ናቸው። ልጆች በጅራቱ በኩል ወጥተው በሆዱ ያልፉና በአፉ ይወጣሉ፤ ከዚያ በምላሱ ላይ ተንሸራተው ኩሬው ውስጥ ጧ! ግቢው ዙሪያውን በቢጫ፣ በቀይና በሐምራዊ አበባ ተጥለቅልቋል።

«እሜቴ ቡሊት!» አለ ቀበሮ እጅ እየነሳ። «እንደዚህ ያለ አይተው ያውቃሉ?»

ቡሊት ለማሽተት አንዱን አበባ በአፍንጫዋ ነካ አደረገችው። አበባው ከነዘንጉ ወደቀ። ሥር የለውም። ሁለተኛውንም ነካችው፤ እሱም ወደቀ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ! ዛሬ ጠዋት የተሰኩ ናቸው» አለ ቀበሮ።

አያ ጅቦ አንድ አጥንት እየቆረጠመ መጣ። «ሥሩን ማን ያያል?» አለ። «የሚታየው ላዩ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ እዚህ አፋፍ ላይ ትልልቅ ዋንዛዎች ነበሩ። የት ሄዱ?»

«ዘንዶዬን ጋረዱት! ከማዶ ሲታይ ጅራቱ ብቻ ነበር የሚታየው። እኔም አስቆርጬ ጣልኳቸው።»

ቡሊት ወደ ዘንዶው ጀርባ ዞረች። መሬቱ ተመነቃቅሯል፤ የዋንዛዎቹ ጉቶ እንኳ አልቀረም። ስትራመድ የፊት ኮቴዋ ድንገት ሸርተት አለ። ጎንበስ ብላ አየች። ከዘንዶው ወዲህ አፋፉን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ ወርዱ አንድ ኮቴ ያህላል። ዕድሜዋን ሙሉ በገደል ጫፍ ሸክም ተሸክማ የሄደች ናትና የሚናድ መሬት ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግራት አያሻም።

ቀና ስትል ቀበሮ አጠገቧ ቆሟል።

«አያ ጅቦ ከሰሞኑ ጥሩ አልበላም» አለ፤ ድምፁ እንደ ቅቤ ለስልሷል። «ያ አጥንት እንኳ የባለፈው ሳምንት ነው። ሲያሸንፍ ግን ደስታው ረሃቡን ያስረሳዋል። ያሸንፋል ብለው ያስባሉ?»

ቡሊት «ያ... ያሸንፋል» አለች።

በማግስቱ እንስሳቱ ሁሉ ተሰብስበው አንበሳ «ፍርድሽ?» ሲላት መሬት መሬት እያየች «የዘንዶ አገር» አለች። ምክንያቱን ስትጠየቅ «ግርማ ሞገስ አለው፤ አበባውም ብዙ ነው» አለች። ቃላቱ ቀበሮ አስቀድሞ ያስጠናት ነበሩ። አያ ጅቦ እየዘለለ አጨበጨበ። እትዬ ጉማሬ ግን ወደ እሷ ቀረብ ብላ «ስለ መንገዱ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን አያዳልጥም» ብቻ አለቻት። ብትሰድባት ይቀልላት ነበር።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ካፊያ ጣለ። ለሌላው ልብ ደስ የሚያሰኝ ካፊያ ነው፤ ለቡሊት ግን እያንዳንዱ ጠብታ ጀርባዋ ላይ ድንጋይ ሆኖ አረፈባት። ግልገሎቹ እየተንጫጩ በድልድዩ ጎረፉ። የሚዳቋ፣ የጃርት፣ የጦጣ፣ የከርከሮ ልጆች በዘንዶው ጅራት ላይ ተሰልፈው ይገፋፋሉ። ወላጆች ለአያ ጅቦ ያመጡት የሥጋ ስጦታ በዘንዶው ሆድ ውስጥ ባለች ጓዳ ተከምሯል። እሱም በየደቂቃው ብቅ እያለ ይቀምሳል።

ቡሊት መቆም አቃታት። ቀስ ብላ ወደ ጀርባ ሄደች። ከትናንት ወዲያ አንድ ኮቴ የነበረው ስንጥቅ አሁን እስከ ጉልበቷ ይውጣታል። ውስጡ ውኃ እየተንጠፈጠፈ ነው። እየሮጠች ቀበሮ ዘንድ ደረሰች።

«ና፣ ና እይ!»

ቀበሮ መጣና አየ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጠፉ። «ምንም አይደል፤ በዓሉ ሲያልቅ እናስደፍነዋለን» አለ። ወዲያው ግን ረስቼው የመጣሁት ነገር አለ ብሎ ሄደ። ቡሊት በዓይኗ ተከተለችው። ቀበሮ መጀመሪያ እየተራመደ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ እየሮጠ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ያን ጊዜ ቡሊት የቀራት ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ። ወደ ሰልፉ አየች። ወደ አያ ጅቦ አየች። አገጩ በጮማ ወዝቷል፤ ጥርሶቹ ከሩቅ ይታያሉ። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ከዚያ ሸለቆው እስኪያስተጋባ አናፋች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ምን ሆነሻል?» አለ አንበሳ።

«ዋሽቻለሁ ጌታዬ! ፍርዴ ውሸት ነው! ይህ አፋፍ ሊናድ ነው፤ ልጆቹን አውርዱ!»

«ምን አልሽ?» አያ ጅቦ አጥንቱን ጥሎ ወደ እሷ መጣ። «ቀንታ ነው! ሽቅርቅር አበባዬን ያየ ሁሉ ይቀናል!»

ቡሊት ወደ ኋላ ማፈግፈግ አማራት፤ ግን አላፈገፈገችም። «ዋንዛዎቹ ነበሩ አፈሩን የያዙት። ቆረጣችኋቸው። አበባው ሥር የለውም፤ የሚይዘው ነገር የለም። ጌታዬ፣ ከጀርባው ሄደው ይዩ!»

አንበሳ ሄደ። መዳፉን ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ሲያሳርፍ አንድ ቋጥኝ የሚያህል አፈር ከእግሩ ሥር ተንሸራቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። አንበሳ አገሳ። «ሁላችሁም ውረዱ! ወደ ድልድዩ!»

እናቶች እየተጣሩ፣ ልጆች እየወደቁ እየተነሱ ወረዱ። ቡሊት ግን የዘንዶውን አፍ ቀና ብላ ስታይ አንዲት የሚዳቋ ግልገል ጥርሶቹ መካከል ተጣብቃ ቀርታለች። ፍርሃት አድርቋታል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ቡሊት ምላሱ ሥር ገብታ ጀርባዋን አስጠጋችና «ዝለይ እናቴ! ዓይንሽን ጨፍነሽ ዝለይ!» አለቻት። ግልገሏ ዘለለች። ቡሊት ሸክሟን ይዛ በሕይወቷ ሮጣ በማታውቀው ፍጥነት ሮጠች።

አያ ጅቦም መሮጥ ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። «ሥጋዬ!» ብሎ ተመለሰ። ወደ ዘንዶው ሆድ ሲገባ ሁሉም አዩት፤ ሁሉም «ተው!» ብለው ጮኹ። አፋፉ ከነዘንዶው፣ ከነአበባው፣ ከነጅቡ ተገምሶ ወንዙ ውስጥ ወረደ።

ውኃው ለረጅም ጊዜ ደፈረሰ። ከዚያ እትዬ ጉማሬ አያ ጅቦን ጆሮውን ነክሳ እየጎተተች ብቅ አለች። ዳር ላይ ጣለችው። ጭቃ እያስታወከ ዓይኑን ገለጠና «ሥጋውስ?» አለ።

እትዬ ጉማሬ የግቢዋን በር ከፍታ ልጆቹን አስገባች። አንበሳ ግን ቡሊትን አስቀርቶ ጠየቃት።

«ስንጥቁን መቼ አየሽው?»

«ከትናንት ወዲያ ጌታዬ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አያ ጅቦን ፈርቼ።»

«አሁንስ አትፈሪውም?»

«አሁንም እፈራዋለሁ» አለች ቡሊት።

የግልገሏ እናት ሚዳቋ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ልታመሰግናት ነበር የመጣችው። «ከትናንት ወዲያ» የሚለውን ስትሰማ ግን ቡሊትን አየቻትና ሳታመሰግናት ልጇን አስከትላ ሄደች። ቡሊትም ከኋላቸው ቆማ ቀረች፤ ጀርባዋ ላይ የግልገሏ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌሎች ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ያየ ሁሉ ፍርሃቱ እስኪለቀው ሳይጠብቅ እየፈራም ቢሆን እውነቱን ባየበት ቀን መናገር እንዳለበት ነው።