ውሃውን ማን ለካው?

በድሮ ጊዜ፣ ቤቶቿ በድንጋይ በተካቡ፣ ስሟን መጥራት ለነገሩ በማያስፈልግ አንዲት አሮጌ ከተማ ሸህ ዘይኑ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከመስጂዱ ጎን ባለች ክፍል የሃይማኖቱን ሕግ፣ ፊቅህን፣ ማቅራት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከሩቅ አገር ለዒልም የሚመጡትን ተማሪዎቻቸውን፣ ደረሶቹን፣ የከተማው ሰው ነበር የሚያበላው።

የሸሁ አቀራር፣ የማስተማር መንገዳቸው፣ ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ዓሊሞች መልሱን ይናገራሉ፤ ደረሳው ይይዛል። እሳቸው ግን ይጠይቃሉ። ጠይቀውም ወዲያው መልስ አይቀበሉም። ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሠላሳ ሦስት ፍሬ አንድ በአንድ እስኪያሳልፉ ማንም አፉን እንዲከፍት አይፈቅዱም። ፍሬው ሲያልቅ አንዱን ጠርተው «ምን አልክ?» ይሉታል። ሲመልስም፣ «ማን ነገረህ? ራስህ አይተኸዋል? ኪታቡ ላይ የት ጋ ነው?» ይሉታል። ያላየ ሄዶ አይቶ ይመጣል። ሰው ፈትዋ ሲጠይቃቸውም ለራሳቸው እንዲሁ ነበሩ፤ ሙስበሃው ሳይዞር መልስ አይሰጡም።

ይህ ነገር የከተማውን ሽማግሌዎች አላስደሰተም። ይበልጡን የተቆጡት ሐጂ ሸምሱ ነበሩ። የደረሶቹን እህል ከየቤቱ የሚያሰባስቡት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸው ይሰማል።

«ልጆቹ የመጡት ዝምታ ሊማሩ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። «ማዶ ያሉት ሸህ በአንድ ዓመት ኪታቡን ከዳር እስከ ዳር በቃል ያስይዛሉ። የኛዎቹ ዛሬም የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ጦሃራ ላይ ናቸው!»

በመጨረሻ ነገሩ ተቆረጠ። በመጪው ጁሙዓ፣ ከሶላቱ በፊት፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ትምህርቱን፣ ደርሱን፣ ይሰማሉ። ካልጣማቸው ደረሶቹ በሙሉ ወደ ማዶው ሸህ ይሄዳሉ።

ሸህ ዘይኑ ይህን ሲሰሙ ከባድ ጭንቀት ያዛቸው። ደረሶቹ ከሄዱባቸው ሌላ የሚኖሩበት ነገር አልነበራቸውም። ከዚያም የባሰው ጥርጣሬው ነበር። «ሐጂው እውነት ይዘው ይሆን? የነዚህን ልጆች ዕድሜ በከንቱ ጨርሼ ይሆን?» እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ሰነበቱ።

ጁሙዓ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ። ሸሁ ደረሶቹን አንድ ጥያቄ ጠየቁና ሙስበሃቸውን አወጡ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬ ላይ ሲደርሱ የመስጂዱ አገልጋይ ኑሩ እያለከለከ ገባ። በእጁ የሞተች እርግብ አንጠልጥሏል።

«ያ ሸህ! ከጉድጓዱ ያወጣኋት አሁን ነው። ሰዉ ለጁሙዓ እየገባ ነው። ውዱእ ያድርግበት ወይስ ይተው?»

ጉድጓዱ ከመስጂዱ ጀርባ፣ ከአለት የተፈለፈለ፣ የክረምት ዝናብ የሚጠራቀምበት ነው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ስንት ውሃ እንዳለው ከላይ አይታይም። ከሱ ሌላ ያለው ውሃ ወንዙ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ደርሶ መልሱ ሽማግሌ የሚያደክም ነበር።

ሸሁ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁ ሲሉ ሐጂ ሸምሱ ቀደሟቸው።

«ሸህ ዘይኑ፣ ዛሬስ እባክዎ አንዴ እንደ ሰው ይመልሱልን! ሙስበሃ እስኪቆጠር ሰዉን ጁሙዓ ሊያመልጠው ነው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ሸሁ ፊታቸው ጋለ።

«ሽታው ወይም ቀለሙ ተለውጧል?» አሉት ኑሩን።

«አልተለወጠም።»

«እንግዲያው ውሃው ብዙ ነው፤ አይነጀስም፣ ንጹሕ ነው። ውዱእ ያድርጉበት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ሸምሱ እየተነሱ። «ይኸው፣ ሲፈልጉ ይችሉበታል!» እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ።

የሙስበሃው ፍሬ ግን አሥራ ሁለተኛው ላይ እንደቆመ ነበር። ከበሩ አጠገብ ሙሄ የሚባል፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ደረሳ ተቀምጧል። እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደ። ሸሁ አዩት። ሊጠይቅ የፈለገው ምን እንደሆነም በዚያችው ቅጽበት ገባቸው። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ቢያፈጡበት ሙሄ አርፎ ይቀመጥ ነበር። ሽማግሌዎቹም ረክተው ይሄዱ ነበር። ከውጭ ውሃ የሚቀዳበት ድምፅ ይሰማል።

«ተናገር፣ ልጄ» አሉት።

«ያ ሸህ... አውፍ ይበሉኝ። ውሃው ብዙ ነው ብለዋል። ማን ለካው?»

«አንተ ባለጌ!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ሸህህን ነው እንዲህ የምትለው?»

«ተወው» አሉ ሸህ ዘይኑ። «ማንም አልለካውም። የተናገርኩት ክረምት ላይ ያየሁትን ነው፤ ዝናብ ካየን ስድስት ወር አልፏል። ኑሩ፣ ሩጥ! ሰዉን አስቁም። ሸህ ዘይኑ ተሳስቷል በላቸው።»

ሐጂ ሸምሱ ጢማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሰው ገቡ።

«ተሳስቷል ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እኮ እግሬን ሁሉ ታጥቤ ጨርሻለሁ!»

«ይቆዩን፣ ሐጂ» አሉና ወደ ደረሶቹ ዞሩ። «ቁለተይን ያልሞላ ውሃ በክት ከገባበት፣ ባይለወጥም ይነጀሳል። ቁለተይን የሚባለው ልክ በርዝመት፣ በወርድም በጥልቀትም አንድ ክንድ ከሩብ ነው። የኛ ጉድጓድ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ ነው። ውሃው ምን ያህል ቢጠልቅ ይበቃዋል?»

ሙስበሃቸውን አነሱና ከመጀመሪያው ፍሬ ጀመሩ።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂው። «አሁንም ይቆጥራሉ!»

ደረሶቹ መሬት ላይ በጣታቸው ይጭራሉ። ከውጭ የሰዉ ጉርምርምታ እየበረታ ሄደ። ሸሁ አልቸኮሉም። ሠላሳ ሦስተኛው ፍሬ ሲያልፍ አንዱን ጠሩ።

«ግማሽ ክንድ ገደማ» አለ። «አንድ ስንዝር መሆኑ ነው።»

ሙሄ ረጅም ዱላ ይዞ ቆሞ ነበር። ሁሉም ተከትለውት ወጡ። ዱላውን ወደ ጨለማው ሰድዶ ሲያወጣ የረጠበው ስምንት ጣት ብቻ ሆነ። ስንዝር አሥራ ሁለት ጣት ነው።

«የሌላው ጥግ ወለልስ እኩል ነው?» አሉ ሸሁ። አራቱም ጥግ ተለካ። ከዘጠኝ ጣት ያለፈ አልተገኘም።

ሰዉ ማሰሮውን ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ። የታጠቡትም ዳግመኛ ታጠቡ፤ ውሃው የነካውን ልብሳቸውንም አጠቡ። የኢማሙ ንግግር፣ ኹጥባው፣ ዘገየ እንጂ ጁሙዓው አላመለጠም። ከወንዙ ሲመለሱ ሐጂ ሸምሱ የሙሄን ትከሻ ተደግፈው ነበር ዳገቱን የወጡት።

«ስማ» አሉት እያለከለኩ፣ «ሸህህን በሰው ፊት መጠየቅ ማን አስተማረህ?»

«እሳቸው ናቸዋ።»

ከሶላት በኋላ ሐጂው ወደ ሸሁ ቀረቡ።

«ደረሶቹ የትም አይሄዱም። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ልጁ እንዲያ ሲያዋርድዎ አልተናደዱበትም?»

ሸህ ዘይኑ ሙስበሃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ሐጂ» አሉ፣ «እኔ ስሳሳት አብሮኝ የሚሳሳት ደረሳ ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ቃል ልብ ማለት ይገባል። ሸሁ በዚያች ሰዓት ሙሄን በዓይናቸው ዝም ቢያሰኙት ኖሮ ክብራቸውን ባዳኑ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ውዱእ ግን ባበላሹ ነበር። አንድ መልስ የሚያገለግለው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ልጆቻችንን ነገ የሚገጥማቸውን ጥያቄ ደግሞ እኛ አናውቀውም፣ በዚያን ጊዜም አጠገባቸው ላንኖር እንችላለን። ሙሄን ያን ቀን የረዳው በቃሉ የያዘው መልስ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠየቅ ኖሮ፣ ጠያቂ ባጣበት ሰዓት ራሱ መጠየቅ መቻሉ ነው። ይህን ደግሞ ያገኘው ጠይቆት ከሚጠብቀው ሰው ነው። እኛ ብዙ ጊዜ እንጠይቅና መልሱን ራሳችን እንነጥቃቸዋለን፤ ጊዜ የሌለን ይመስለናል። ሠላሳ ሦስት ፍሬ ለማሳለፍ የሚፈጀው ጊዜ ግን፣ ቆጥሮ ላየው ሰው፣ በጣም ትንሽ ነው። ከዚህ የተረፈውን አላህ ያውቃል።