የትርንጎ ድርሻ

ሞጣ አካባቢ፣ አንድ ሰው «ጠግቤያለሁ» እያለ ዓይኑ ሌማቱን ሲከተል ከታየ፣ ሰዉ ተጠቃቅሶ የሚጥላት አባባል አለች። ዝም ብላ የመጣች አይደለችም፤ ትርንጎን የምታህል ኩሩ ሴት አስርባ ነው የመጣችው።

ትርንጎ ጥጥ እየፈተለች ሁለት ልጆች የምታሳድግ መበለት ነበረች። አንድ ክረምት ጥጥ ጠፋና እንዝርቷ ሥራ ፈታ። የቀረቻት ሽሮ እንኳ ስታልቅ ጎረቤቷ፣ «እሑድ ሰንበቴ ሂጂ እንጂ! ከቅዳሴ በኋላ የተራበ ሁሉ ይበላል፤ ለልጆችም ይቋጥሩልሻል» አለቻት።

ትርንጎ ሰው ምን ይለኛል እያለች ስታመነታ ከረመች። የትንሿ ልጇ ልቅሶ ሲበረታ ግን ነጠላዋን አጥባ ሄደች። መሄዱንስ ሄደች፤ ይሉኝታዋን ግን ቤት አልተወችውም።

የዕለቱ ደጋሽ ወይዘሮ አስካለች ድፎውን ቆርሳ «እንኪ እህቴ» ስትላት፣ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት!» ብላ ተግደረደረች። በምታውቀው ደንብ እንግዳ እምቢ ይላል፣ ባለቤት «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳም እንደ ተገደደ ሆኖ ይጎርሳል። ትርንጎ «በሞቴ»ን ጠበቀች። እዚያ ሰንበቴ ግን እምቢ ያለ አይለመንም፤ ድርሻው በስሙ ደጀ ሰላም ላሉት ነዳያን ይሄዳል፤ እነሱም ሰጪውን ይመርቁታል። አስካለች «እግዜር ይስጥልን» ብላ ቁራሹን ይዛ ወጣች። የትርንጎ ልብም አብሮ ወጣ።

አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ስትል፣ ከነዳያኑ መካከል አረጋዊው አባ ተገኘ ቁራሹን እንደያዙ ተነሡ።

«ልጄ፣ ይቺን የተውሽልኝ አንቺ ነሽ አሉ። እግዜር ማድሽን...» ብለው ጀመሩና አቋረጡ። የትርንጎ ዓይን ዳቦው ላይ ተተክሏል።

«አንቺ! ተርበሻል እንዴ?»

ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? «ተርቤያለሁ አባቴ። ልጆቼም ቤት ተርበው ይጠብቁኛል» አለችና እንባዋ መጣ።

አባ ተገኘ ቁራሹን ገምሰው ሰጧትና አስካለችን ተጣሩ። አስካለች ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች፤ ሮጣ ገብታም ነጠላዋ ላይ ድፎና ቆሎ ሞላችላት።

«ምነው እህቴ፣ አንዲት ቃል ከበደችሽ? ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ከነልጆችሽ ነይ። ይኸው፣ በሞቴ!»

ትርንጎ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። አባ ተገኘም የቀረቻቸውን ግማሽ እያላመጡ፣ «ወይ ጉድ! ያፈረ ሆድ ድግስ መሃል ይጾማል» አሉ።