የደመላሹ አካፋ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ ነው።

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የኖራ ፋብሪካ፣ ለምድጃው ከሰል በአካፋ የሚያጎርስ ጥጋቡ የሚባል ሰው ነበር። አባቴ ነው። የድንጋይ ከሰሉን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣውም፣ አጉራሾቹን የሚቀጥረውም አቶ መንበሩ ነበር። አባቴ ጥቁር አክታ መትፋት ሲጀምር የአፍ መሸፈኛ ለመነው። ሰውየው በሠራተኛ ፊት ሳቀ።

«ስማ ጥጋቡ፣ ይህች አገር ያለ ከሰል አንድ ቀን አታድርም። አንተ ግን ትተካለህ።»

በማግስቱ ተካው። አባቴ ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

በአርባው እናታችን አካፋውን አጥባ ከበሩ ኋላ አቆመችው። በአገራችን የሟች ጠመንጃ ለደመላሹ ይሰጣል፤ እኛ ቤት ጠመንጃ አልነበረም። «አካፋው ደሙን ለመለሰ ነው» አለች። «ሰውየውን እንዳትነኩ። ከሰሉን ግደሉበት።»

ታላቄ ይርዳው ሾፌር ነበር፤ ስጦታው ዓይኑ ነው። በየቡና መፈልፈያው ደጅ የገለፈት፣ የቡናው ቅርፊት፣ ተራራ ወደ ወንዝ ሲደፋ አየ። «ከሰል ተቆፍሮ ያልቃል፤ ይህ በየዓመቱ ይበቅላል» እያለ በየደጁ ቆሞ ለመነ። አንዱ ውሻ ለቀቀበት። ገለፈቱን ግን አመጣ።

ሌላው ወንድሜ አስናቀ በያጅ ነበር፤ ስጦታው እጁ ነው። ከአሮጌ የመኪና ክሪክ፣ ገለፈቱን እንደ ጡብ የሚያወጣ መጭመቂያ ሠራ። መጭመቂያው ሁለት ጣቶቹን በላው። «ስምንት ይበቃኛል» ብሎ ቀጠለ።

እኔ ኬሚስትሪ ተምሬ በዚያው ፋብሪካ ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። አገሪቱ ለከሰል መግዣ የውጭ ምንዛሪ ያጠራት ጊዜ ስለ ነበር፣ ጥናት ጽፌ የሰባት ቀን ሙከራ አስፈቀድኩ። የምድጃው ሙቀት ሳይወርድ ከቆየ የአቶ መንበሩ ውል ይሰረዛል፤ የሲሚንቶውም የብረቱም ፋብሪካ ይከተላል። ከወረደ ግን ከሰሉ ይመለሳል፣ የገለፈት ነገርም ዳግም አይነሳም።

አቶ መንበሩ በየቀኑ እየመጣ ይሳለቅ ነበር። «ገለፈት የሚያበስለው ሽሮ ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም!»

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። ይርዳው ገለፈቱን እንደ ጤፍ ከምሮ በላስቲክ አፍኖታል። ጤፍ ደርቆ ነው የሚከመረው፤ ገለፈት እርጥበቱን እንደ ያዘ ሲታፈን ከውስጥ ያልበዋል። ክንዴን አስገብቼ አይቼው ነበር፤ ርሶ ይፋጃል። ታላቅ ወንድሜን በሰው ፊት ማረም አፈርኩና ዝም አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ከክምሩ ሥር በወጣው እርጥብ ገለፈት የተሠራው ጡብ ተራው ደረሰ። ሙቀቱ መውረድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። ቤታችን ከአጥሩ ሥር ስለ ነበር ሮጬ አካፋውን አመጣሁና፣ በግቢው ከቀረው የአቶ መንበሩ የከሰል ክምር አርባ አካፋ ለምድጃው አጎረስኩ። ሙቀቱ ተመለሰ። ሰዎቹም ተመለሱ።

ውሉ ተሰረዘ። አቶ መንበሩ ሲወጣ አስናቀ በሩ ላይ ጠበቀው።

«አገሪቱ ያለ ከሰል ሰባት ቀን አደረች፣ አቶ መንበሩ። እርስዎ ግን ተተኩ።»

ደስታዬን አልክድም፤ ከሠርጌ ቀን ይበልጥ ነበር።

ማምሻውን እናታችን አካፋውን አወጣች።

«የኔ ነው» አለ ይርዳው። «ያለ ገለፈት ምን ልትጨምቅ ነበር?»

«ያለ መጭመቂያው ገለፈትህን ነፋስ ይወስድልህ ነበር፣ ወንድም ጋሼ!»

«እሷስ?» አለች እናቴ ወደ እኔ እያመለከተች።

«እሷማ ወረቀት ስትጽፍ ነበር» አለ ይርዳው።

እናቴ የአካፋውን አፍ ዳሰሰች፤ ጣቷ ጠቆረ። አጥባ እንዳስቀመጠችው ታውቃለች። ወደ እጄ አየች። ቀሚሴ ሥር ደበቅኩት።

«ይደር» አለችና መልሳ ከበሩ ኋላ አቆመችው።

አሥራ ስድስት ዓመት አደረ። ባለፈው ጥር እሷም ለማንም ሳትሰጥ አረፈች። ወንድሞቼ በለቅሶዋ ላይ እንኳ ሰላም አልተባባሉም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አካፋው ገለፈቱን ላየው ነው? ጣቶቹን ለገበረው? ወይስ ጠላትን በገዛ ከሰሉ ለጣለችው? ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ይህንንም ስሙ። ውሉ በተሰረዘ ማግስት ጠዋት፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ አካፋውን ይዤ ወጣሁ። የይርዳውን ላስቲክ ቀድጄ ክምሩን እስከ ሥሩ ገለበጥኩና በፀሐይ በተንኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ምድጃ አንዲት ፍሬ ከሰል አልቀመሰም። አካፋውንም አጥቤ መለስኩት።

የማን ነው?