ሽማግሌዎቹ ያለፉት ደጅ

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ጥጥ ፈትላ የምታድር፣ አንዲት ልጅ ያለቻት ሴት ናት። ቤቷ ከገበያ በሚመጣው መንገድ ዳር ነው። የጭቃ ቤት፤ የአጥሩ እንጨት ያዘመመ፣ የቆርቆሮ በሩ የዛገ። ስሟ ጥሩወርቅ ይባላል።

ከበሯ ጎን፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ አንድ የጭቃ መደብ ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለ የሠራው ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን አውርዶ እዚያ አረፍ ይላል። እንጨት ተሸካሚዋ ትቀመጥበታለች። ዶሮ ሻጩ ዶሮዎቹን እግሩ ሥር አድርጎ ይቀመጥበታል። ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነፍሰ ጡር እስትንፋሷ እስኪመለስ ትቀመጥበታለች። ጥሩወርቅም ሰው መቀመጡን ስታይ በጣሳ ውኃ ይዛ ብቅ ትላለች። "እንኪ፣ እናቴ፣ ጠጪ" ትላለች። ይኸው ነው። ጽድቅ ልሥራ ብላ አልነበረም፤ ለምዳው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ልጇ ስንዱ አንገቷን ደፍታ መጣች።

"እማዬ፣ የነመኳንንት ቤተሰቦች እሑድ ሽማግሌ ሊልኩ ነው" አለቻት።

መኳንንት እዚያው ከተማ የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው። ወላጆቹ ግን ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ ወረዳ ነው የሚኖሩት፤ ሽማግሌዎቹም የሚመጡት ከዚያው ነው፤ ከተማውን አያውቁትም።

መቼም ሽማግሌ ድንገት ነው የሚመጣው ይባላል። እኔ ግን ድንገት የሆነበት ቤት እስከ ዛሬ አላየሁም! አትሳቁ። እናንተም አላያችሁም።

ጥሩወርቅ ደስታዋ ወሰን አጣ። ልጇ ልጁን ወዳዋለች፤ ልጁም እሷን ወዷል። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ቤቷን እንደ እንግዳ አየችው። አቤት! ለስንት ዓመት የኖረችበት ቤት ያን ቀን ገና ያየችው መሰላት። እዚህ ጋ ጭቃው ረግፎ እንጨቱ ይታያል፤ እዚያ ጋ አጥሩ ተጋድሟል።

"ይሄን አይተውማ 'ከደሃ ቤት ልጅ አንወስድም' ብለው ከደጅ ይመለሳሉ" አለች ለራሷ።

ገንዘብ አልነበራትም። ባለሙያ ግን ነበረች። ጭቃና ጭድ አቦክታ የረገፈውን ግድግዳ በእጇ መረገች። ሲደርቅ ኖራ በጥብጣ ነጭ አደረገችው። አጥሩን አቃንታ በጠፍር አሰረችው። የበሩን ዝገት በድንጋይ ፈገፈገችና የወፍጮ ቤቱን መስኮት ከቀባው ሰው የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ለምና ቀባችው። በባዶ የዘይት ጣሳዎች ጽጌረዳ ተከለች። ከወንዝ ዳር ድንጋይ ለቅማ በደጇ ባለው ቦይ ጠርዝ ደረደረችና እነሱንም ኖራ ቀባቻቸው። ጎረቤት ሁሉ እየወጣ "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!" ይላት ጀመር።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ኃጢአት ነው? ደሃ ደጁን ቢያሳምር ትዕቢት ነው? አይደለም! እንኳን ደጃችንን፣ እርሻ ዳር ያለችውን የዱር አበባ ያሳመረ አምላክ ነው ያለን። ንጹሕ ደጅ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ የተሰጠ ስጦታ ነው። እዚህ ድረስ ጥሩወርቅ አንድም ጥፋት አላጠፋችም።

ከዚያ ግን ዓይኗ መደቡ ላይ አረፈ።

መደቡ ተሰነጣጥቋል። ከኋላው ያለው ግድግዳ ሰው ራሱን ስለሚያስደግፍበት በቅቤ ጠቁሯል፤ ኖራ ብትደርብበትም ቅቤው እየሰረገ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ንጣት መሐል አንድ ጥቁር እድፍ! ተናደደች። ዶማ አነሣች።

"እማዬ!" አለች ስንዱ፣ ሮጣ ወጥታ። "ገበያተኛው የት ይረፍ?"

"ዘንድሮ እንኳ ሌላ ቦታ ይረፍ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዶሮ ሻጩን ተጋድሞ ቢያገኙትስ? 'ይሄ ነው እንዴ አማቻችን?' ይበሉሽ?"

ስንዱ ሳቀች፤ እናትየዋም ሳቀች። መደቡ ፈረሰ። ቦታው ተስተካከለ፤ ተመረገ፤ ነጣ። በእውነት አማረ! ጥሩወርቅ ቀለሙ እንዳይነካባት በሩን ዘጋችው። ያ በር ከዚያ በፊት ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ገበያ ነበር። እንጨት ተሸካሚዋ መጣች። እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ዞር አለች፤ መደቡ የለም። ሸክሟን እንዳዘለች ትንሽ ቆመች፤ ነጩን ግድግዳ አየች፤ ሄደች። ጥሩወርቅ በበሩ ስንጥቅ አይታታለች። "ልጄን ልዳር እንጂ እሠራዋለሁ" ብላ ራሷን አጽናናች።

እንዲህ አንልም እንዴ፣ ወገኖቼ? "ይቺን ልወጣ እንጂ እመለስበታለሁ" አንልም?

እሑድ ደረሰ። የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቢሻው ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ፤ አባት ለሌላት ልጅ መልስ የሚሰጠው እሱ ነውና። ቤቱ ተሰናድቷል። በሩ ተዘግቷል። ሁለቱም በበሩ ስንጥቅ መንገዱን ያያሉ። ሽማግሌ ድንገት ነው የሚመጣው ብያችኋለሁ!

ከረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አሉ። ሁለቱ ጋቢ ደርበዋል፤ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ጥቁር ካፖርት ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። መጡ፤ ቀረቡ፤ በሩ ፊት ቆም አሉ። አረንጓዴውን በር ከላይ እስከ ታች አዩት። አንዱ ለሌላው የሆነ ነገር አለው።

ከዚያ አለፉ።

"አለፉ!" አለች ጥሩወርቅ።

"ይመለሳሉ" አላት ወንድሟ።

እውነትም ተመለሱ። ግራ ቀኝ እያዩ መጡ፤ በሩን እንደገና አዩ፤ እንደገና አለፉ።

"ጋሼ፣ ልጥራቸው?"

"አብደሻል? ሴት ልጅ ያለው ቤት ደጅ ወጥቶ ሽማግሌ ይጣራል? 'ልጃችንን ውሰዱልን' ልትይ ነው? ነገ ይህቺ ልጅ ባሏ ቤት ምን ተብላ ትኑር?"

እውነቱን ነው፤ በአገራችን አይጠራም። ጥሩወርቅ በሩን ይዛ ቀረች።

"ንቀውን ነው" አለች። "ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት።"

ከኋላዋ ስንዱ ይህን ሰማች። ወደ ጓዳ ገባች። ያን ለቅሶ የወለደ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ድምፁን አፍኖ የሚለቀስ ለቅሶ። ጥሩወርቅ በዚያች ሰዓት ያን ሁሉ ኖራ በጥፍሯ ፍቃ ብትጥለው በወደደች።

ለምን ያለፉ ይመስላችኋል? ደጁ አስቀያሚ ሆኖባቸው ነው? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ባለካፖርቱ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ያነክሳሉ። ልክ በሩ አጠገብ ሲደርሱ እግራቸው ከዳቸውና ግድግዳውን ተደገፉ። ኖራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ያገኘውን ልብስ አይምርም፤ ያ ጥቁር ካፖርት ከጀርባው እንደ ዱቄት ነጣ። ሽማግሌው አላወቁትም። የሚቀመጡበት ፈለጉ፤ አጡ። ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ አቧራው ዝቅ ይሉ ጀመር።

ጥሩወርቅ በርጩማ አነሣች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አለ ወንድሟ፣ ነጠላዋን ይዞ።

"ሰውየው ደክሟቸዋል፣ ጋሼ።"

"ነውር ነው እያልኩሽ!"

"እነሱ እንደሆኑ አልፈውናል። ልጄ እንደሆነ እያለቀሰች ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብኛል? አንድ አባት በደጄ አቧራ ላይ ሲቀመጡ ግን አላይም።"

በሩን ከፈተችው። በርጩማውን አስቀመጠች፤ ክንዳቸውን ይዛ ደገፈቻቸው። "አባቴ፣ አረፍ ይበሉ" አለች። ተመልሳ በጣሳ ውኃ አመጣች። ግቡ አላለችም፤ ማንን ፈልጋችሁ ነው አላለችም። ውኃውን ሰጠቻቸውና እስኪጠጡ ቆመች።

ሽማግሌው ጠጡ። ጣሳውን አዩት፤ በርጩማውን አዩት፤ እሷን አዩዋት። ከዚያ ቀድመዋቸው የሄዱትን ባልንጀሮቻቸውን ተጣሩ።

"ኑ፣ ተመለሱ! አገኘነው።"

"ምኑን ነው፣ አባቴ?" አለች ጥሩወርቅ።

"ቤቱን ነዋ፣ ልጄ። መኳንንት ምልክት ሲነግረን 'በሩ ላይ የጭቃ መደብ አለ፤ ደክሞት የተቀመጠ ሰው አይታጣበትም፤ ያንን ስታዩ ግቡ' ብሎን ነበር። መደብ ስንፈልግ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እንዞራለን። ይሄን በር ስናየው የባለጸጋ ቤት መሰለንና አለፍነው። ስም ጠርተን እንዳንጠይቅ የሴት ልጅ ጉዳይ ነው፣ መንገድ ላይ አይወራም።"

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች።

"የልጁ አባት ሲልኩንም" አሉ ሽማግሌው፣ "'ምን አላቸው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ደካማ የሚያርፍበት ቤት ያደገች ልጅ ትበቃኛለች' ብለው ነው።"

ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። "መደቡን በገዛ እጄ አፈረስኩት፣ አባቴ። ደጄ አምሮ እንዲጠብቃችሁ ብዬ።"

"ታዲያ ምን ሆነ?" አሉ ሽማግሌው። "ይኸው ተቀምጬ የለ?"

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ሕጉ ይህ ነው። እኒህ ግን ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ነጭ ጀርባ ይዘው ገቡ። በሙሉ ክብራቸው ቆመው ልጅቱን ጠየቁ። ጋሽ ቢሻውም ጢሙን እየዳበሰ "እንመክርበታለን" አለ። ሳቁን ግን መያዝ አልቻለም፤ ሽማግሌው ሲዞሩ ጀርባቸውን አይቶታልና። ሽማግሌውም ሲነገራቸው ሳቁ፤ ጓዳ ያለችው ስንዱም ሳቀች። በሳቅ የተጀመረ ትዳር ሆነ፤ ሰምሮም ኖረ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በዓል እየደረሰ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኖራና ቀለም ይዟል። አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ቀቡ! አበባ ትከሉ! በትንሽ ገንዘብ ብዙ የምታሳምሩ ባለሙያዎች ናችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለማማር ስትሉ ያፈረሳችሁት ምንድን ነው?

አጥራችሁን ከፍ ስታደርጉ የጎረቤት ልጅ የምትገባበትን ቀዳዳ ደፍናችኋል? ሶፋ ስታስገቡ ከገጠር የሚመጣው አጎታችሁ ጫማውን አይቶ ከበር እንዲመለስ አድርጋችኋል? ስለ ቤት ብቻ የምናገር አይምሰላችሁ። አንተ ወንድሜ፣ ሹመት ካገኘህ ወዲህ አነጋገርህ አምሯል፤ አለባበስህ አምሯል። ግን ድሮ ችግሩን ይዞ አንተ ጋ ይመጣ የነበረው ሰው አሁን የት ነው የሚቀመጠው? አንቺ እህቴ፣ ጾምሽና ጸሎትሽ አምሯል፤ ግን ያጠፋች ጓደኛሽ ደፍራ ታዋይሻለች? ቅድስናችን እንኳ እንደዚያ ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ከሩቅ ነጭ፣ ለደከመ ግን ማረፊያ የሌለው።

ሰው ስለ እናንተ ለመንገደኛ ምልክት ሲነግር ምን ይላል? "አረንጓዴው በር" ነው የሚለው? ወይስ "የደከመው ሰው የሚቀመጥበት ቤት፣ እሱን ስታይ ግባ" ይላል?

ይህንንም ልብ በሉ። ጥሩወርቅ በርጩማውን ስታወጣ የልጇ ነገር አልቋል ብላ ነበር። ለሽልማት አላወጣችውም፤ ሽማግሌው ደክሟቸው ስላየች ነው። ስለዚህ መደቡን ያፈረሳችሁ አትፍሩ። ዶማው ያፈረሰውን፣ ርኅራኄ በአንድ በርጩማ ይመልሰዋል፤ ዛሬውኑ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።

እግዚአብሔር ወደ ደጃችሁ የሚልከው ሰው አለ። ምልክት ተነግሮት ነው የሚመጣው። በረከታችሁን ይዞ መጥቶ፣ ያማረውን በራችሁን አይቶ፣ "ይሄ አይደለም" ብሎ እንዳያልፍ።

ደጃችሁን ሰው የማይታጣበት ያድርግላችሁ።