የደብተራ ልሳነወርቅ ጫማ

ሰው በተውሶ ብርታት ሲንጎራደድ ባየን ጊዜ በእኛ ደብር አንድ ነገር እንላለን። አባባሉን የማያውቅ የለም፤ ከማን እግር እንደ ወጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ባለቤቱን ስለማውቀው ላጫውታችሁ። ቢሰማ አይቀየመኝም፤ ቢቀየመኝም ሮጦ አይዘኝም።

ደብተራ ልሳነወርቅ ድምፁ ያማረ፣ ቁመናው የተዋጣለት ሰው ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር። የውስጥ እግሩ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ማለት ሲገባው እንደ ገበታ ለጥ ያለ ነው። ጥቂት ከቆመ ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ይነድደዋል። በዚያ ዓመት የኔታ ላእከ ለደብሩ ንግሥ ወረቡን እንዲመራ መረጡት። ከዚያ በፊት ያላገኘው ክብር ነው። አማቶቹም ሊያዩት ከቆላ እንደሚመጡ ላኩበት። ደስም አለው፣ ፈራም።

ወጌሻዋ እትዬ ትሁኔ ዘንድ ሄደ። እግሩን አገላብጠው አዩና፣

“ልጄ፣ አጥንትህ ደህና ነው፤ የሰነፈው ሥጋህ ነው” አሉት። “ጠዋት ጠዋት ጨርቅ መሬት ላይ ጣልና በእግርህ ጣቶች እየሰበሰብህ አንሳ። ተረከዝህን ከፍ ዝቅ አድርግ። ክብ እንጨት ረግጠህ አንከባል። እስከ ንግሡ ትበረታለህ።”

“እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ እትዬ፣ መሬት የምጭረው? ጎረቤት ቢያየኝስ?”

“እንግዲያው ጫማ ሰፊው ከውስጥ እግርህ ሥር ቆዳ ደርቦ ይስፋልህ። እሱም ደግ ነው፣ ይደግፍሃል። ጨርቁን ግን እንዳትተው።”

ደብተራችን ከምክሩ ግማሹን ሰማ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ጫማው ተአምር ሠራ! ልምምዱ በየኔታ ግቢ፣ ዋርካው ሥር ስለነበር ጫማውን እንዳደረገ ያሸበሽባል፣ ይዘላል፣ ድካም የሚባል ነገር የለም። “ድኛለሁ” እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። እትዬ ትሁኔ መንገድ ላይ አግኝተውት “ጨርቁስ?” ቢሉት፣ “ለነጠላዎ መጣፊያ ያድርጉት” ብሎ ሳቀባቸው።

ንግሡ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሲጀምር ድምፁ ደብሩን ሞላው፤ አማቶቹ በኩራት ተያዩ። ወረቡ ሲደምቅ፣ ጽናጽሉ ሲፈጥን ግን እግሩ ከዳው። መጀመሪያ መቋሚያውን ተደገፈ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ የጎኑን ሰው ትከሻ።

የኔታ ጠጋ ብለው “ምን ሆንህ?” አሉት በሹክሹክታ።

“እግሬ ደጅ ቀረ፣ የኔታ።”

“እንግዲያው አንተ ተቀመጥ” ብለው ለሌላው ምልክት ሰጡት። ያን ያህል የጓጓለትን ወረብ በአማቶቹ ፊት ጥግ ይዞ ሲሰማ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው።

ሕዝቡ ሲበተን እያነከሰ ወጣ። ጫማውን ከክምሩ መሐል ፈልጎ አጠለቀ። ወዲያው ቀጥ አለ፣ ደረቱም ተነፋ! አማቱ ግራ ገብቷቸው “ምነው፣ አሁን ዳንህ እንዴ?” ሲሉት፣ አጠገባቸው ነጠላቸውን የሚያጣፉት እትዬ ትሁኔ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው እንዲህ አሉ፦ “ጫማማ ያደርሳል ከደጅ፣ የሚገባው እግር ነው እንጂ።”