ጎደሎ ስንኝ

በጥቅምት ወር 1879 ዓ.ም. ከጥቁሪት ወንዝ በላይ ባለው የለቅሶ ሜዳ፣ እንጉዳይ የተባለች አልቃሽ አንድ ስንኝ ተናግራ ሁለተኛውን ሳትናገር ተቀመጠች። ሁሉም የሚስማማበት ይህ ብቻ ነው። ሜዳው ዛሬ ጎደሎ ስንኝ ይባላል፤ እዚያ ሙሾ የሚያወርድ ሰው እስካሁን የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ይናገራል፣ በሁለተኛው ፈንታ ለቀስተኛው ደረቱን ይመታል። በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት ያለው የአማርኛ መምህርም ግጥም የሚያስተምረው ተማሪዎቹን ወደዚሁ አውጥቶ ነው። ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ እንደሚሆን፣ ሁለት ስንኞች በመጨረሻ ፊደላቸው ሲገጥሙ ቤት መቱ እንደሚባል፣ ወንዝን እንደ ሰው ማናገር ሰውኛ ዘይቤ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት የነገሩ መነሻ የቸኮል ሞት ነው። ቸኮል ከታናሽ ወንድሙ ከድልነሳ ጋር ገና ያልተካፈሉትን የአባት ርስት ያርስ ነበር፤ አንድ ማለዳ በወንዙ መሻገሪያ ላይ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። ገዳዩን አየሁ ያለ አልነበረም። ጥርጣሬው ግን በድንበር ተጣልቶት በነበረው ጎረቤቱ በጓንጉል ላይ አረፈ። የእንጉዳይ ቤት ከመሻገሪያው ፊት ለፊት ስለነበረ፣ እሷ አይታለች ተባለ። በዚያ አገር አልቃሽ በሙሾዋ ያለችው ነገር ከየት አመጣሽው ተብሎ አይጠየቅም፤ ቃሏ ለዳኛ ምስክር አይሆንም፣ ለጠመንጃ ግን ይበቃ ነበር።

በለቅሶው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ድልነሳ ደጇ ድረስ ሄዶ ነበር ይባላል።

«እትዬ እንጉዳይ፣ ምን አየሽ?»

«ያየሁትን ነገ ከሰው ጋር ትሰማዋለህ።»

«ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝስ?»

«ለአንድ ሰው ሙሾ አይወረድም፣ ልጄ።»

ቸኮል በተቀበረ በሰባተኛው ቀን አገሩ ሁሉ በሜዳው ተሰበሰበ። ጓንጉልም መጣ፤ ከለቅሶ መቅረት ማመን ነበርና። ያገኘው ቦታ ከአልቃሿ በስተኋላ ሆነ፣ ድልነሳ ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ ከፊቷ ቆመ። አንድ ሽማግሌ፣ «ድልነሳ፣ ጠመንጃህ ዝናብ የመታት ዶሮ መስላለች፤ ዛሬም ልታንቀላፋ ነው?» ብለው ነካ አደረጉት። «ዛሬስ ነቅታለች፣ አባቴ» አለ። ጓንጉል አጠገቡ ወደተቀመጠው ዘመዱ ዘንበል ብሎ፣ «ፊደሉን አንተ ስማልኝ፤ የእኔ ጆሮ ከቤት ቀርቷል» አለው ይባላል። ምን ማለቱ እንደሆነ የሰማ ሁሉ ገብቶታል። የመጀመሪያው ስንኝ በምን ፊደል እንዳለቀ ያወቀ፣ ሁለተኛው የማንን ስም ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

እንጉዳይ መጀመሪያ ሟቹን እንደ ዋርካ ነበርክ እያለች አለቀሰች፤ ሕዝቡ ተቀበላት። ከዚያ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ወንዙስ አይቶ ነበር፣ ምነው ዝም ይለናል

ስንኙ በ«ል» ፊደል አለቀ። ደረት የሚመታው እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ድልነሳ ጠመንጃውን አቀባብሎ አነሳ፤ አፈሙዙ በእንጉዳይ አናት ላይ አልፎ ወደ ጓንጉል ዞረ። ጓንጉል ኩታውን ከትከሻው አውርዶ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እንጉዳይ አፈሙዙን እያየች አንድ አባታችን ሆይ የሚደገምበትን ጊዜ ያህል ቆመች፣ ከዚያ ተቀመጠች። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ጨርሺው እንጂ» አለቻት።

«የቀረውን እግዜር ይጨርሰው።»

ድልነሳ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የወንድሙን ደም ላይፈልግ በካህናት ፊት ማለ። ጓንጉል ሸብቶ በአልጋው ላይ ሞተ። እንጉዳይ በዚያው ሳምንት ወንዙን ተሻግራ ወደ ወንድሞቿ አገር ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ላይ ቆማ ያያት የለም። አልቃሿ ቤት ሳትመታ ደም አስቀረች፣ ድልነሳም ማረ የሚለውን ይህን ታሪክ ከልጅ ወደ ልጅ ያቆዩት የድልነሳ ተወላጆች ናቸው፤ በሜዳው ዳር ያለውን የድንጋይ ካብ የሚጠግኑትም እነሱ ናቸው።

በ1998 ዓ.ም. የአካባቢው ደብር መጻሕፍት ሲመዘገቡ በአንድ የብራና ዳዊት ኅዳግ ላይ፣ በዚያ ለቅሶ የነበረ ደብተራ የጻፈው አጭር ማስታወሻ ተገኘ። ዕለቱና የአልቃሿ ስም ከሚነገረው ጋር ይስማማል። የስንኙ የመጀመሪያ ሐረግም ያው ነው፤ ሁለተኛው ግን ይለያል።

ወንዙስ አይቶ ነበር፣ ምነው አፉን ረሳ

ጓንጉል በዚህ ፊደል ቤት አይመታም። ድልነሳ ይመታል።