ከማን ወገን ነው?

አንዲት ሴት ሆስፒታል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የአምስት ወር ልጇን ታቅፋለች። ከጎኗ ባሏ፣ ከባሏ ቀጥሎ ደግሞ የባሏ አጎት አሉ። ምን እየጠበቁ ነው? የልጁን የደም ምርመራ ውጤት። እሷ ግን የምትጠብቀው ፍርዷን ነው።

ለምን ፍርዷን? ልንገራችሁ። ሴቲቱን ደብሪቱ እንበላት፤ ባሏን ውብሸት። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አንገቱ አልጸና አለ፤ ጡት መሳብ ይደክመዋል፤ መልኩም ከሌላው ሕፃን ለየት ይላል። ዘመድ አዝማድ ይህን አይቶ ምን አለ? «ይታከም» አለ? አላለም። «ይሄ ከማን ወገን ነው የመጣው?» አለ።

አጎትየው አቶ ገላው ደግሞ የዋዛ ሰው አይደሉም። በዚያ አገር የሚጋባ ሁሉ ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው እሳቸው ዘንድ ነው። የማን ቅድመ አያት ከማን እንደሚዛመድ፣ በማን ቤት ምን ሕመም እንዳለ በቃላቸው ያውቃሉ። የውብሸትንና የደብሪቱንም ቤት ቆጥረው «ንጹሕ ነው፤ ተጋቡ» ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ልጁ እንዲህ ሲሆን ቆጠራዬ ስቷል ይበሉ? ሞታቸው ነው። «የሴቲቱ ወገን የደበቀኝ ነገር አለ» አሉ። «ሐኪም ከእሷ ነው ካለ ትዳሩ ይፈርሳል» ብለው ለቤተ ዘመድ ቃል ሰጥተው ነው የመጡት።

ውብሸት ይህ ሲባል ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወገኖቼ፣ ዝምታ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ታውቃላችሁ?

ተጠሩ። ገቡ። ሐኪሟ አንድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በፎቶው ላይ የተቆራረጠ ክር የሚመስሉ ነገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል።

«እነዚህ ክሮሞዞም ይባላሉ» አለች። «በሰውነታችን ሴል ውስጥ አርባ ስድስት ናቸው። የልጁ ግን አርባ ሰባት ሆነዋል።»

አቶ ገላው ጎንበስ ብለው አዩ። «ትርፏ ከማን ወገን ናት?»

«እንዲህ ነው አባቴ። ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የእያንዳንዱን ክሮሞዞም ቅጂ ያወጣል። ከዚያ በቀጫጭን ክሮች እየተሳቡ እኩል ወዲህና ወዲያ ይሄዳሉ። የእናት እንቁላልና የአባት የዘር ሴል ሲሠሩ ግን ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ነው የሚደርሳቸው። ሃያ ሦስት ከእናት፣ ሃያ ሦስት ከአባት። አንዳንዴ አንዱ ጥንድ ሳይለያይ ይቀርና ሁለቱም ባንድ በኩል ይሄዳሉ። እዚህ የሆነው ይኸው ነው። ማንም አላጠፋም። ከአያትም የወረደ አይደለም፤ ሰባት ቤት ቢቆጠር አይገኝም።»

«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ አቶ ገላው። «እኔን ከእናቱ ነው ወይስ ከአባቱ፣ እሱን ይንገሩኝ።»

«እሱን ለመለየት የልጁም የእናቱም የአባቱም ደም ተወስዶ ሌላ ምርመራ መሠራት አለበት።»

«እሺ፣ ብዙ ጊዜስ? ብዙ ጊዜ ከማን ነው?»

ሐኪሟ መዋሸት አልቻለችም። ደብሪቱን ሳታይ መለሰች። «ብዙ ጊዜ የእናት እንቁላል ሲሠራ ነው የሚሆነው። ይህ ማለት ግን…»

አቶ ገላው ቀሪውን አልሰሙም። «በቃ» ብለው ብድግ አሉ። «ውብሸት፣ ተነሥ እንሂድ።»

እስቲ እዚህ ላይ ደብሪቱን እዩልኝ። ቀና አላለችም። አላለቀሰችም። የልጇን እግር በመዳፏ ጨብጣ ወለሉን ታያለች። ውብሸት ተነሣ። መነሣቱን ሰማች። አለቀልኝ አለች በልቧ።

«ዶክተር» አለ ውብሸት እንደቆመ። «ብዙ ጊዜ ነው ያሉት። ሁልጊዜ አላሉም አይደል?»

«አላልኩም።»

«ብንመረመርና ብናውቀው፣ ለልጁ የምታደርጉለት ነገር ይለወጣል?»

«አይለወጥም። እንዲህ ያሉ ልጆች ልባቸው ሊታመም ስለሚችል፣ አሁን የሚያስፈልገው ልቡ እንዲታይ ነው።»

«እንግዲያው አንመረመርም።» ወደ አጎቱ ዞረ። «ጋሼ፣ ከእኔ ነው። ቤተ ዘመድ ሲጠይቅዎ ከውብሸት ነው ይበሉ።»

«ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ።» ልጁን ከደብሪቱ እቅፍ ተቀበለ። «ልብ የሚታየው የትኛው ክፍል ነው?» ሲል ሐኪሟን ጠየቀ። አቶ ገላው ብቻቸውን ወጡ።

ውብሸት ጻድቅ ነው ብዬ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ታሪኩን ያጫወተኝ ራሱ ነው። «የሚያሳፍረኝ አምስት ወር ዝም ማለቴ ነው» ብሎኛል። ያሳፍራል እንጂ! ግን ተናገረ።

እናንተስ? ልጁ አንደኛ ሲወጣ «የእኔ ልጅ» የምትሉ፣ ሲወድቅ «የእናቱን ወገን መሰለ» የምትሉ አባቶች እዚህ የላችሁም? እናቶችስ ብትሆኑ ትተርፋላችሁ? ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲጎድል ቀድመን የምንጠራው ማንን ነው፣ መድኃኒቱን ነው ወይስ ጥፋተኛውን?

ልብ በሉ፣ ሐኪሟ የተናገረችው እውነት ነበር። ያ እውነት ግን ያቺን ሴት ከቤቷ ሊያስወጣት ነበር። በቤቷ ያቆያት እውነቱን ሰምቶ «ከእኔ ነው» ያለ ሰው ነው። ጌታችንማ ጥፋቱ ከእኛ መሆኑን ሳይጠራጠር፣ አጥርቶ እያወቀ ነው በራሱ ላይ ያደረገው። እኛ ግን ግምቱን እንኳን አንሸከምም።

አሁን ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ከመካከላችሁ የአንዳንዶቻችሁ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትጠብቃችሁ አለች፤ አንገቱን ደፍቶ የሚጠብቃችሁ አለ። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በሩን ስትከፍቱ ምን ልትሉ ነው?